በስሜ የተቀበረው ወንድሜ

ለወንድሜ የልጅ ልጅ ለኖኤሊያ፣ ቦነስ አይረስ።

ብዕሩን የያዘችው ፖስታ አመላላሿ ሳቤላ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። እንደምን ከርመሻል? ደጃችሁ ሰላም ነው? እኔ ለሰማንያ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ደህና ነኝ። ላሟ ወልዳለች፤ ድንቹም ዘንድሮ አላሳፈረንም።

«የአያቴን የኤቫሪስቶን የክርስትና መዝገብ ፈልግልኝ» ብለሽኛል። ቄሱ አግኝተውታል። ነገር ግን ኤቫሪስቶ እኔ ነኝ። አያትሽ ታናሼ ዴልሚሮ ነው። የመርከቡ ወረቀት የወጣው በእኔ ስም ነበር። እሱ ሊሸኘኝ መጥቶ ቪጎ ወደብ ደርሰን ባሕሩን ሳየው ፈራሁና፣ «ሆዴን ቆረጠኝ» አልኩት። እሱ በወረቀቴ ተሳፈረ፤ በስሜ ኖሮ በስሜ ተቀበረ።

በነሐሴ እመጣለሁ ብለሻል። ነይ፣ አልጋ አለ። መጠጥ ቤቱ ግን ባትገቢ ይሻላል፤ ወይኑ ኮምጣጣ ነው፣ ሰዉም ወሬኛ ነው። «የሌባው ዘር መጣች» የሚልሽ ካለ፣ «ወረቀቱን አያቴ ኪስ የከተተው ኤቫሪስቶ ራሱ ነው» በዪው።

ሳቤላ ብዕሯን አስቀምጣ «አባባ፣ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ወንድሜ ወረቀቴን ሰረቀኝ ሲሉ አልነበር እንዴ?» ትለኛለች። ዝም ብለሽ ጻፊ፤ ይህንንም ጻፊው።

እናትሽን ሳሚልኝ። መቃብሩ ላይ ያለውን ስም እንዳታስፍቂው፤ ከእኔ ይልቅ እሱ አክብሮ ይዞታል። ደህና ሁኚ፣ መንገድሽ ይቅና።

በይ ሳቤላ፣ አሁን መልሰሽ አንብቢልኝ። በመጠጥ ቤቱ በኩል ያለውን መስኮት ክፈቺና ጮክ ብለሽ አንብቢው።