ዓሣውን የያዝኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ባሕር ላይ ላሉት ለምወድዎ አባቴ፣

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው ወይስ ብርዱ መልሶ ቀሰቀሰብዎ? ከኬፕታውን ወዲህ ያለው ባሕር ከፍቷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል። እንቅልፍ ያገኛሉ? እማዬ በጨው ያስቀመጠችልዎ ፕሪም ደረሰዎ? የመርከቡ ሰዎችስ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኛ አለን። ደኅና ነን ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እንቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ጀምሮ እንኳ ስንቴ እንደተነሣሁ አላውቅም፤ እስከ ወደቡ ጫፍ እሄድና እመለሳለሁ፣ ቁጭ እላለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። ትምህርት ቤትም ያው ነኝ። መምህሬ «ጋኩ፣ ወንበሩ ያቃጥላል እንዴ?» ብለው ክፍሉን በሙሉ አሳቁብኝ።

ነገሩ የመጣው ባለፈው እሑድ ነው። አጎቴ ኢዋኦ ለመዝናናት የሚያጠምዱ ደንበኞቹ ስለቀሩበት «ና፣ ጀልባው ባዶውን ከሚወጣ አንተን ልጫን» አለኝ። የወንድሜን የሹሔይን የማጥመጃ ዘንግ ይዤ ወጣሁ። እሱ በየካቲት በበረዶው መንገድ ላይ መኪናው ተንሸራቶ ከሞተ ወዲህ ያንን ዘንግ የነካው ሰው አልነበረም። ገና ጥቂት እንደሄድን አንድ ነገር ክሩን ይዞ ወደ ታች ወረደ። አጎቴ ከኋላዬ «ወገብህን ጣል! ጣል እንጂ፣ አንተ ሸምበቆ! ዓሣው ነው አንተን ያጠመደህ!» እያለ ይጮኻል። እጄ እስኪደነዝዝ ጎተትኩ። አባባ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሹሔይን ረስቼው ነበር። የቱናው ጀርባ ከውኃው ብቅ ሲል ግን ዞር ብዬ እሱን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። አጎቴ አየኝና መንጠቆውን አነሣ። ስንመዝነው ስልሳ ሦስት ኪሎ ሆነ።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ደንቡ ጠበቅ ብሏል። ለመዝናናት የምናጠምድ ሰዎች ትንሹን ቱና መልሰን እንለቃለን፤ ከሠላሳ ኪሎ በላይ የሆነውን ደግሞ አንድ ሰው በወር አንድ ብቻ ነው የሚይዘው። መሸጥ ክልክል ነው። ማን፣ የት፣ ስንት ኪሎ እንደያዘ ከፎቶ ጋር በማግስቱ ቶኪዮ ላለው መሥሪያ ቤት ይነገራል። የተፈቀደው ልክ ሲሞላ ለሁሉም ይዘጋል። እናንተ በመርከቡ ላይ እያንዳንዱን ዓሣ እንደምታስቆጥሩት ማለት ነው።

እማዬ የሹሔይን ስልክ እስከ ዛሬ ለእሱ ከምንጸልይበት ከቤቱ መሠዊያ አጠገብ ቻርጅ ታደርገዋለች። ሹሔይ የያዘውን በዚህ ስልክ ለመሥሪያ ቤቱ ለማሳወቅ ስሙን አስመዝግቦ ሦስት ክረምት ጠብቆ ነበር፤ ትልቅ ዓሣ ግን አልወጣለትም። እኔ ጀልባውን ሳጥብ እማዬ «ማሳወቂያውን ተወው፣ እኔ ልኬዋለሁ» አለችኝ። በስሜ መስሎኝ አመሰገንኳት። ከዚያ ዓሣውን ቆራርጣ እንደ ደንባችን ለጎረቤት ስታከፋፍል ሳህኑን ተሸክሜ ተከተልኳት። መረብ የሚጠግኑት ወይዘሮ ኪኑ ደጃፍ ስንደርስ «ሹሔይ የያዘው ነው፣ ቅመሱለት» አለቻቸው። ወይዘሮ ኪኑ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ እኔን አዩ፣ ሳህኑን አዩ፣ «ጎበዝ ልጅ ነው» አሉ። በየቤቱ እንዲሁ ሆነ። አንድም ሰው አላረማትም።

ለአጎቴ ስነግረው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ዋጠው። «ማን ተጎዳ? ዓሣው አንድ፣ ቆጠራው አንድ። እንዲያውም በሕጉ አንተ ገና ምንም አልያዝክም! እሑድ ና፣ ሌላ እንጎትታለን» አለኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አሰኝቶኝ ነበር።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ እያንጎራጎረች ሩዝ ታጥባለች። ከቶኪዮ ተደውሎ ነበር አለችኝ፤ ፎቶው ላይ የዓሣው ርዝመት በደንብ ስላልታየ ሹሔይን ፈልገውት ነው። «ባሕር ላይ ነው፣ ሲመለስ ይደውልላችኋል አልኳቸው» አለች። እንዲህ ስትል ፊቷ ፈክቶ ነበር። የሹሔይን የጎማ ቦት ጫማ አውጥታ በሩ ላይ አስቀምጣለች። ፈራሁ፣ አባባ። ከእናቴ ጋር እንዴት እንደምነጋገር ጠፋኝ።

ረቡዕ ቤት እያለሁ የሹሔይ ስልክ እንደገና ጮኸ። እማዬ ብድግ አድርጋ እጄ ውስጥ አስጨበጠችኝ። «ድምፃችሁ አንድ ነው። አዎ እኔ ነኝ በል፣ ይበቃል። ለእናትህ ይቺ ትከብድሃለች?» አለች በሹክሹክታ። ሰውዬው ወዲያ ማዶ «ሃሎ? አቶ ሹሔይ ነዎት?» ይላል። እማዬ ክንዴን ይዛ ከንፈሬን ታያለች። «አዎ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «እኔ ጋኩ ነኝ» አልኩ። «ወንድሙ ነኝ። ሹሔይ ሞቷል። ዓሣውን የያዝኩት እኔ ነኝ።» ከቀብሩ ወዲህ «ሞቷል» የሚለውን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ከሰውዬው ኋላ ሌሎች ስልኮች ሲጮኹ ይሰማኛል። ቀስ ብሎ ኀዘኑን ገለጸልኝና «እንግዲያው ከመጀመሪያው እንጀምር፤ የያዘው ሰው ስም ማን ልበል?» አለኝ። ስሜን፣ ቦታውን፣ ክብደቱን ነገርኩት። እማዬ ሽርጧን ፈትታ ወጣች።

ተመልሳ ራት አቀረበች፤ ግን አላናገረችኝም። በማግስቱም አላናገረችኝም። አጎቴ መጥቶ «አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን ብታሳድረው ምን ነበረበት?» ብሎ ተቆጣኝ። አባባ፣ ልክ ሠርቼ እንደሆነ አላውቅም። ወንድሜን ለሁለተኛ ጊዜ የነጠቅኳት እየመሰለኝ መቀመጫ አጣሁ።

ዛሬ ጠዋት አንድ እግር ጫማዬን አጥልቄ ሌላውን ስፈልግ እማዬ ከኋላዬ «እጅህን አሞህ ነበር?» አለችኝ። «መቼ?» ስላት «ሲጎትትህ» አለች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉን ነገርኳት፤ ዓሣው በጀልባው ሥር እንዴት እንደጠለቀ፣ አጎቴ እንዴት እንደሰደበኝ። ሸምበቆ ስላት ፈገግ አለች። ዞሬ ሹሔይን ልጠራ እንደነበር ስነግራት ግን አለቀሰች። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። ትምህርት ቤት አርፍጄ ደረስኩ።

ስልኩ አሁንም ቻርጅ ላይ ነው፤ አልነቀለችውም፣ እኔም አልነካሁትም። ባለፈው ወደብ ሲደርሱ እርስዎም በዚያ ቁጥር እንደደወሉ አይቻለሁ። ስልኩ ሳይነሣ ሲቀር የሚሰማውን የተቀዳ ድምፁን ሊሰሙ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እኔም አደርገዋለሁ። የሚቀጥለው ወደብ ላይ ግን አባባ፣ እባክዎ በእኔ ቁጥር ይደውሉ። ስለ ዓሣው ይጠይቁኝ። እኔ አነሣለሁ።

እማዬ ጉልበትዎን ይሸፍኑ ትላለች። አጎቴ ኢዋኦ ቁጣው በርዶለት ሰላም ብሎዎታል። ወይዘሮ ኪኑ ሳህኑን ሲመልሱ ስለ እርስዎ ጠይቀዋል። ለመርከቡ ሰዎች ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ጋኩ
ሚንማያ፣ ጥቅምት 8 ቀን