በስምህ የምጫወተው ካርታ

ይድረስ ለልጄ ለኒቆዲሞስ ጉግሳ፤ ባለህበት ጤናህ ይብዛ። እኔና እናትህ የድሬ ሙቀት እስከፈቀደልን ድረስ ደህና ነን።

ትተህልን ስለሄድከው የእጅ ጌም እግዜር ይስጥልኝ። አርባ ዓመት በባቡር መዝገብ ቤት የሠራ ሰው፣ በጡረታው የዘንዶ ካርታ እየሰበሰበ ከማሽን ጋር መዋጋቱ ዕድገት ነው። በመጀመሪያው ቀን ማሽኑ "አዲስ ከጀመርክ የኒቆዲሞስ ጨዋታ ይጠፋል፤ ልቀጥል?" ብሎ ጠየቀኝ። ደንግጬ ዘጋሁት።

አጨዋወቱን ያስተማረችኝ ጎረቤታችን ሀምዲያ ሳቀችብኝ። "አቦ ጋሽ ጉግሳ፣ ጌም እኮ ነው! አጥፋውና በራስህ ስም ጀምር።"

እስከ ዛሬ በአንተ ስም ነው የምጫወተው። እናትህም አጠገቤ ተቀምጣ "እሱ ቢሆን ይህን ካርታ አይጥልም ነበር" እያለች ታርመኛለች። ስለ እርማቷም አመሰግናለሁ።

የውትድርና ሥልጠናህን ጨርሰህ ከሁርሶ ከሄድክ ወዲህ በየማለዳው እደውልልሃለሁ። "የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም" የምትለዋ ሴት ትመልስልኛለች። ጨዋ ናት፤ በአምስት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልሰለቸኋትም።

በስምህ ሰባት ሻምፒዮን አሸንፈሃል፤ የቀረው የመጨረሻው ብቻ ነው። ሀምዲያ "ካርታህ ጠንካራ ነው፣ ግጠመውና ጨርስ" ትለኛለች። አልነካሁትም፤ እሱ የአንተ ነው። ጌሙን ጠዋት ጠዋት ቻርጅ አደርግና ትራስህ ሥር እመልሰዋለሁ።

ሀምዲያና የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰላም ይሉሃል። መልስህ ቢያጥር ቅር አይለንም፤ ስምህን ብቻ ጽፈህ ብትልክም ይበቃናል።

አባትህ ጉግሳ