የዲስኩ ፊትና ጀርባ

ውድ ልጄ፣ አገር አቋርጦ የሚመጣው ሰላምታዬ በሙሉ ጤንነት ያግኝሽ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

የመኪናችን ፍሪሲዮን አልቆ ስለነበር ግቢያችን ውስጥ በገዛ እጄ ቀየርኩት። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ፣ በጉማጅ እንጨት ደግፌ፣ ካምቢዮውን ከነማርሹ አወረድኩ። የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለው አሮጌው የፍሪሲዮን ዲስክ ተበልቶ እንደ ወረቀት ሳስቷል። እናትሽን ሐኪም ቤት ያመላለሰልን፣ አንቺንም የሸኘልን ይህ ስስ ነገር ነው! ይዤው በመደነቅ ቁጭ አልኩ።

አዲሱን ግን ገልብጬ አስገባሁት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አጎንብሳ አየችና፣ «ጋሼ፣ ‹ይህ ወደ ሞተር ይዙር› የሚለው ጽሑፍ ወደኔ ነው እኮ የዞረው! ካናቴራ ገልብጦ እንደ መልበስ ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። ዘንድሮ ፊደል ሲያሳንሱ ለጉድ ነው።

አውጥቼ አዞርኩት። ከዚያ ዐይኔን ጨፍኜ፣ በጣቴ እየዳሰስኩ መሃል ለመሃል አስተካከልኩት። ካምቢዮው ሳይታገለኝ ሰተት ብሎ ገባ። ልጄ፣ ለካ እግዚአብሔር ለጣትም ብርሃን ሰጥቶታል! ይህን ሁሉ ዘመን ስለ እሱ አንድ ቀን እንኳ አመስግኜ አላውቅም።

ለሙከራ ልብስ ሰፊዋ ነዳች፤ እኔ ጎኗ ተቀመጥኩ። ዳገቱን ስንወጣ መኪናዋ ቅንጣት አልተንገራገጨችም። «ጋሼ፣ ቁልፉን እንኩ» ስትለኝ፣ «ከእንግዲህ አንቺ ጋ ይቆይ» አልኳት።

ፎቶግራፍ ስትልኪልኝ ዛፉም ሕንጻውም ይቅር፤ ፊትሽ ብቻ ወረቀቱን ይሙላው። ደግሞ አታዘግዪው።

እኔ በማላይሽ ስፍራ የሚያይሽ አምላክ ይጠብቅሽ።

አባትሽ