ጀርባውን ለግድግዳ የሰጠ ተማሪ

ግንቦት 1፣ ልደታ። ጠዋት

ጠመኔ አልቋል። በጀሶ ስባሪ ጻፍኩላቸው። ጀማሪዎቼ፣ ፂማቸው የሸበተ ሁሉ፣ ከፊደል ጋር ይታገላሉ። ጠዋት እኔ አስተማሪ፣ ከሰዓት 8ኛ ክፍል ተማሪ። መምህርት ዘሃራ፣ ከወሎ ተመድበው የመጡት የሳይንስ አስተማሪያችን፣ ሰኔ ላይ ክልላዊውን ፈተና ያልፋል ብለው ተስፋ ጥለውብኛል። እኔም ጥያለሁ፣ ምን ይደበቃል።

ደብተሬ፣ ቢቸና ማረሚያ ቤት ስገባ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ አላየሽም። ጥላዬን ረገጠ ብዬ የምደባደብ። አሁን እተኛለሁ። እንቅልፍ ማለት ይኸ ኑሯል እንዴ እላለሁ።

ግንቦት 5፣ አቦ

ጽሑፌን እይው። ፊደሉ መስመር ስቷል።

ዛሬ አዲስ እስረኞች ገቡ። አንዱ ያነክሳል። ያነከሰ በኔ ጥይት ነው። ወንድሜን ይበልጣልን በድንበር ጠብ የገደለ እሱ። እሱን ልገድል ተኩሼ እግሩን የሰበርኩ እኔ። በሁለታችንም ተፈረደብን፣ እሱ ሌላ ማ/ቤት፣ እኔ እዚህ። ዘመዶቼ ይቀርቡኛል ብሎ አመልክቶ ነው የመጣ አሉ። እኔ እዚህ መኖሬን አላወቀም። አየኝና ሳህኑ ከእጁ ወደቀ።

ስሙን አንቺ ላይ አልጽፍም። ይቅርብሽ። የተማርኩት ሁሉ ባንዴ ከላዬ የት እንደሄደ አላውቅም።

ግንቦት 7፣ ሥላሴ

የሚያስፈራኝ እሱ አይደለም፣ ሰዉ ነው። ቧንቧው ጋ ስሰለፍ ከፊቴ ያሉት አንድ ባንድ ዘወር እያሉ ያሳልፉኛል። እስከ እሱ ጀርባ ድረስ። ደመኛውን ላገኘ ሰው መንገድ ይለቀቅለታል፣ ለክብሬ ነው።

ማጅራቱን አየሁት። ፀጉሩ ሳስቷል። ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ተመለስኩ። ኋላ የቤታችን ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ ውኃውን ራሱ ቀድቶ አመጣልኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። ፈራህ ማለቱ ነው። ወይ ጣጣ።

ግንቦት 9

ደግሞ ይኸ መጣ። ደመኛዬ ፊደል መማር ይፈልጋል።

ደመኛ ከደመኛው ጋር ባንድ ጣራ ሥር አይቀመጥም። ስለዚህ ውጪ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይቀመጣል። አጎንብሼ አየሁት። ተማሪዎቼ ሀ፣ ሁ ሲሉ የሱም ከንፈር ይንቀሳቀሳል። በእንጨት አፈሩ ላይ ይጭራል። ስወጣ በእግሩ ያጠፋዋል፣ በዚያው በሚያነክሰው።

ድምፄን ቀነስኩ። እንዳይሰማ። ሽማግሌ ተማሪዎቼ እኛም አልሰማን አሉኝ። ጮክ አልኩ። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ጮክ እንዳልኩ ቀረሁ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ግንቦት 12፣ ሚካኤል

የማረሚያ ቤቱ አለቆች ጠሩኝ። ሁለት ደመኛ ባንድ ግቢ አይሆንም አሉ። ወይ ደም አይፈስም ብሎ የሚፈርም ዋስ ከዘመድ አምጣ፣ ወይ ሞጣ ትዛወራለህ። ለምን እሱ አይሄድም አልኩ። እግሩን እዚህ ሆስፒታል ይታከማል አሉኝ። የሰበርኩት እግር እኔን አስወጣኝ፣ ሳቄ መጣ። ለፈተናው የተመዘገብኩ እዚህ ነው። ሄድኩ ማለት ዘንድሮ አመለጠኝ ማለት ነው።

መምህርት ዘሃራ ለመኑልኝ። ተለውጧል አሉ። ቧንቧው ጋ ያንን ማጅራት ሳይ ያሰብኩትን እሳቸው አያውቁም።

ግንቦት 16፣ ኪዳነ ምሕረት

አጎቴ አያ ጥሩነህ በሶ ይዘው ከጉንደ ወይን መጡ። ዋስ ይሁኑኝ አልኳቸው። ወደ ሽቦው ጠጋ አሉና፣ «እግዜር እጅህ ላይ ጥሎልህ እኔ እጅህን ልያዘው?» አሉኝ።

እናትህ ጥቁሩን አላወለቀችም አሉ። ያንተን እጅ ነው የምትጠብቅ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አሉ። እኔም እሱም ወግተናል፣ እኔም እሱም ተወግተናል፣ የትኛችን ነን የምንረሳ? ይህን ልል ነበር። በዚያ መንገድ የተንገላቱ ሽማግሌ ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ በሶውን ተቀበልኩ። አልበላሁትም።

ግንቦት 19፣ ገብርኤል

ዋስ የለኝም። ብቀር ወይ እገድለዋለሁ ወይ ሰው ፈሪ ይለኛል። መሃሉን የሚያውቅልኝ የለም። እኔም አላውቀውም።

ሳይጠሩኝ ሄጄ ሞጣ ላኩኝ አልኩ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስልሽ። ራሴን ፈርቼ ነው። መምህርት ዘሃራ የሳይንሱን መጽሐፍ ውሰደው አሉኝ፣ አንገቴን ደፋሁ።

ሰኔ 12፣ ሚካኤል። ሞጣ

ዝናብ። ቢቸና የክፍል ጓደኞቼ እየተፈተኑ ነው። እኔ ከምስር ድንጋይ እለቅማለሁ።

ትናንት አንድ ሰው ከዚያ ተዛውሮ መጣ። ደመኛህ ክፍል ገብቷል አለኝ። ከጀማሪዎቼ መሃል፣ አግዳሚው ላይ። ስሙን ጽፎ ላገኘው ሁሉ ያሳያል አለ። ቀኑን ሙሉ ደሜ ፈላ። ወንድሜ አፈር ለብሶ እሱ ይማር? ለዚህ ነው ፈተናዬን የተውኩ?

ከዚያ ትዝ አለኝ። ይበልጣልም ስሙን መጻፍ አይችልም ነበር። በጣቱ ነበር የሚፈርም። አለቀስኩ፣ ምስሩ ላይ። ከታሰርኩ ማልቀሴ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው። ሰላም አገኘሁ አልልሽም። ደክሞኛል።

ነገ አያ ጥሩነህ እዚህ ይመጣሉ። በሶውን አልቀበልም። እንዲህ እላለሁ፦ ለእማዬ ይንገሩልኝ፣ የኔን እጅ አትጠብቅ። ጥቁሩን ብታወልቅም ባታወልቅም ልጇ ነኝ። ለነሱ ወገን ለዕርቅ ሽማግሌ ይላክ። ቢቆጡም፣ ዳግም ባይጠይቁኝም እላለሁ። ሽማግሌዎቹ የሚላኩበትን ሰው ስም ራሴ ጽፌ እሰጣቸዋለሁ።

አንተነህ። ይኸው፣ አልጽፍም ያልኩሽን ስም ጻፍኩት።