ሰሚሃ እጇን ያላወጣችበት ስብሰባ

ለተከበራችሁ የሠራተኛ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ አባላት
ባላችሁበት

ክቡራንና ክቡራት፣

እንደምን ከርማችኋል? ባለፈው ወር ሐይቅ ድረስ ደክማችሁ መጥታችሁ ስትመለሱ መንገዱ ወገባችሁን እንዳልጎዳው፣ የበላችሁት ዓሣም እንደተስማማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ ስብሰባችሁ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ስላላያችሁኝ አልቀየምኩም፤ ስንቱን ታያላችሁ።

ስለ ወሊድ ፈቃዱ ማሻሻያ ረቂቅ፣ ይልቁንም አሠሪዎች ሴቶችን ስለሚያስፈርሙት የምስጢር ውል ሕዝቡን ለመስማት መምጣታችሁን ሳመሰግን ከልቤ ነው። ያን ዕለት አመስግኜ ስላልጨረስኩ ቀሪውን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ቦታው አመራረጣችሁ አመሰግናለሁ። ከተማው አዳራሽ ሳያጣ በአቶ ዝናው የእንግዳ ማረፊያ ሰበሰባችሁን። ጎረቤቴ ሰሚሃ፣ ፊደል ያስቆጠርኳት ልጅ፣ በዚያ ቤት ስድስት ዓመት እንግዳ ስትቀበል ኖራለች። የተበደለች ሴት በአሠሪዋ ወንበር ተቀምጣ፣ የአሠሪዋን ውሃ እየጠጣች፣ አሠሪዋ ፊት እንድትናገር ማድረጋችሁ ድፍረቷን ለመለካት ብላችሁ ይመስለኛል።

2. አቶ ዝናው ከፊት ወንበር ተነሥተው በድርጅታቸው ባለፉት ሁለት ዓመታት የወለደች ሠራተኛ እንደሌለች ሲያስረዱ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀሩ ስለጻፋችሁ የእጅ ጽሑፋችሁን ትጋት አደንቃለሁ። እኛ ዘንድ ለወንድ ልጅ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። የሰሚሃ ልጅ ነጅዋ በጥቅምት ስትወለድ ግን፣ የሰሚሃ እናት ወይዘሮ መስኡዳ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን አይተው ቁጥሩ ስለጠፋቸው፣ እኛም እሳቸውን ተከትለን ሰባቱን ሞላነው። እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። የአቶ ዝናው ባለቤት ወይዘሮ መቅዲም ሰባቱን ቆጥረው፣ ወንድ ነው ብለው፣ ሰማያዊ የወንድ ሹራብ ይዘው አራሷን ሊጠይቁ መጡ። ስሕተታቸውን ሲያዩ ደንግጠው ሊመልሱት ነበር፤ እኛ ከለከልናቸው። ስለዚህ ያልተወለደችው ልጅ ከአሠሪው ቤት የተላከ ሹራብ ለብሳ፣ በስብሰባችሁ ላይ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ነበር።

3. በምስጢር ውል የተጎዳች ካለች እጇን ታውጣ ብላችሁ ጠየቃችሁ። ውሉ የሚከለክለው ግን ስለ ውሉ መናገርን ነው። ማንም እጁን ስላላወጣ ሰብሳቢው ፈገግ ብለው ቅሬታ የለም አሉ፤ ተጻፈ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዳትሉን፤ የሰሚሃ በሽታ አፏን የያዘው እሱ ራሱ ነው። እኔ ጎኗ ነበርኩ፤ ሁለቱንም እጇን ልጇ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር። አንጀቴን በላችው።

ሰሚሃ ለእኔ አንዲት ቃል እንዳልተነፈሰች ይመዝገብልኝ፤ ማንም ተነሥቶ እንዳይከሳት። በመካከላችን ያለው አጥር ቁልቋል ነው፤ የእኔም ዓይን ገና አልደከመም። ሕጉ ከወሊድ በኋላ ዘጠና ቀን ይሰጣታል። በአርባ አምስተኛው ቀን የሥራ ልብሷን ለብሳ ስትወጣ አየሁ፤ ከቀትር በፊት እያለቀሰች ተመለሰች። በማግሥቱ ባጃጅ ይዤ በእንግዳ ማረፊያው በኩል ሳልፍ ወንበሯ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። በሳምንቱ የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ይዛ ገባች፤ ያን ወረቀት ምን ፈርማ እንዳገኘችው ስጠይቃት ወሬውን ወደ ዝናቡ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቤት ያነሣሁ ቀን ሁሉ ስለ ዝናብ ነው የምናወራው። በጋውን ሙሉ እንዲህ ከረምን። ውሉ ምን እንደሚል ከየት እንዳወቅሁ ከፊርማዬ በታች አስረዳለሁ።

ሪፖርታችሁን በሬዲዮ ሰማሁ። ችግሩ በአካባቢው ስላልታየ፣ እንዲህ ያለውን ውል ዋጋ የሚያሳጣው አንቀጽ ከረቂቁ እንዲወጣ ሐሳብ አቅርባችኋል። ያ አንቀጽ ከወጣ ሰሚሃ ሥራዬን መልሱልኝ ብላ መጠየቅ ቀርቶ ለምን እንዳጣችው እንኳ መናገር አትችልም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ አቶ ዝናው የልጅቷን አጥር የነቀነቁት የእናንተን ሕግ ንቀው ነው ብዬ ባስብ በድፍረት አይቆጠርብኝ። አንቀጹን ወደ ቦታው መልሱት። ዳግመኛ ለመምጣትም ፈቃዳችሁ ከሆነ ግቢዬ ሰፊ ነው፤ ጥላም አለው፤ አቶ ዝናው ብቻ አይጋበዙም።

ያልተባለውን ሰምቶ፣ የታየውን ሳያይ ለሚያልፍ ትዕግሥታችሁ እጅ እየነሣሁ፣ ቀጣዩን ጉዟችሁን አላህም እግዚአብሔርም እንዲያቀናላችሁ ከመላው ሰፈር ጋር የምመኝላችሁ፣

አክባሪያችሁ
የሺሀረግ አያሌው
ሐይቅ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ የሰሙት አቶ ዝናው፣ አንድም ቀን ተቀጥሬላቸው ሳላውቅ፣ ሠራተኞቻቸውን የሚያስፈርሙትን የምስጢር ውል እንድፈርም ላኩልኝ። ሦስተኛው ተራ ቁጥር ስለ ወሊድ ፈቃድም ሆነ ስለ ውሉ ለማንም አለመናገር ይላል። አባሪ አድርጌ ልኬላችኋለሁ። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው፤ እኔ አልፈርምም። እናንተ ግን ብትፈርሙበት አይከብዳችሁም፤ ሰሚሃ ፈርማ የጠበቀችላቸውን ምስጢር እናንተ ሳትፈርሙ ጠብቃችሁላቸዋልና።