ሳይሞሉ የቆዩት ዐሥራ አንድ ካርዶች

አጎታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ሚያዝያ 6 ቀን 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። አፋቸውን የፈቱት ዘግይተው፣ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ዝም የሚያሰኛቸው እንዳልተገኘ ታላቅ እህታቸው ያጫውቱናል።

በ1962 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ሥነ ልሳን መምረጣቸውን ሲሰሙ አባታቸው፣ «አፉን ከፈታ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ፤ አሁን ደግሞ መናገር ሊማር ነው?» ማለታቸው እስከ ዛሬ የቤተሰቡ ጨዋታ ነው። በማዕረግ ተመርቀው እዚያው መምህር ሆኑ። በ1970 ዓ.ም. ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

በ1981 ዓ.ም. ከአንዲት አዛውንት እናት በቀር ተናጋሪ ያልቀረለትን ቋንቋ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀመሩ። እኚያ እናት እያንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ይላሉ፤ በየመሀሉ ዝም ሲሉ አጎታችን ካርድ ላይ ይጽፋሉ። ስድስት ሺህ ቃላት እንዲህ ተጻፉ። በአስከሬን አጠገብ የሚባሉት ዐሥራ አንድ ቃላት ብቻ ቀሩ። «አሟረተብኝ እንዳይሉ» ብለው ለመጠየቅ ሲያፍሩ፣ እናትዬዋ በ1986 ዓ.ም. ዐረፉ። መጽሐፉን ያሳትሙት ሲባሉ አጎታችን «ጎደሎ ነው» እያሉ ባዶዎቹን ካርዶች ይዘው ኖሩ።

ባለፈው ጥቅምት በጉበት ሕመም አልጋ ያዙ። በየካቲት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ካርዶቹን አስመጡ። ፊታቸውን ወደ ባዶው ወንበር አዙረው ለረጅም ጊዜ ያዳምጡና አንድ ቃል ይናገራሉ፤ የእህታቸው ልጅ ይጽፋል። ነርሷ «ጋሼ፣ ማንን ነው የሚያዳምጡት?» ብትላቸው፣ «ቆዪ ልጄ፣ ገና አልጨረሱም» አሏት። ዐሥር ካርዶች ሞሉ። የሥራ ባልደረባቸው መርምረው፣ የዚያው ቋንቋ ቃላት መሆናቸውን፣ የእናትዬዋ ድምፅ በተቀረጸባቸው ቅጂዎች ላይ ግን አንዱም እንደሌለ አረጋግጠዋል።

ዐሥራ አንደኛውን ካርድ ለእህታቸው ልጅ መልሰው፣ «ይኼኛው ለእኔ የሚባል ነው። አጠገቤ ስትቀመጥ አንተ ጻፈው» አሉት።

መጋቢት 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ታላቅ እህታቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

ካርዱ በዕለቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ተጽፏል። ቃሉ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ተብሎ ስለተነገረ የፊደል ግድፈት የለበትም። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ ይታተማል።

ነፍሳቸው የምትሰማው ሁሉ የሰላም ቃል ይሁንላት።