ሦስት ረቡዕ «ቀሪ» የተባለችው እህቴ

ለተከበሩ የኩላሊት ልገሳ ፈቃድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ በተለይ ሁለቱ ኩላሊቶችዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። እኔ ባለፈው ዓመት በሒሳብ ተመርቄ ሥራ በመፈለግ ላይ ያለሁ ወጣት ስሆን፣ ሁለት ኩላሊት አለኝ፤ ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቴ ደግሞ የሚሠራ አንድም የላትም። አንዱን ልሰጣት ቆርጫለሁ፤ ሐኪሞችም ይስማማታል ብለዋል፤ የቀረው የኮሚቴዎ ፊርማ ብቻ ነው። ይህችን ፊርማ ስንጠብቅ ስለተደረገልን መልካም ነገር ሁሉ በአደባባይ ማመስገን ተገቢ መስሎ ታየኝ።

1ኛ፦ ስለ ስብሰባው ቀን። ኮሚቴዎ ለጋሽንና ተቀባይን አንድ ላይ በአካል ካላየ አይፈቅድም፤ ኩላሊት እንደ ሸቀጥ እንዳይሸጥ የወጣ ደንብ ስለሆነ እጄን አውጥቼ እደግፈዋለሁ። የምትሰበሰቡት ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ነው። እህቴ ደግሞ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ዳያሊሲስ ላይ ናት፤ ደሟ በማሽን ታጥቦ ይመለሳል። ይህም ሌላ ከተማ ሳይሆን በዚያው ሕንፃ፣ ከመሰብሰቢያ ክፍልዎ ልክ በታች ነው፤ ወንበርዎን ሲስቡ ይሰማናል። ጸሐፊዎ በድምፅ ማጉያ ስሟን ሲጠራ፣ እህቴ ከነመርፌዋ «አቤት!» ትላለች፤ ድምፅዋ ስለማይደርስም ክፍሉ በሙሉ ባንድ አፍ «አቤት!» እያለ ያግዛታል። ከጎኗ የሚታጠቡት ጡረተኛ ሹፌር «ሂጂ ልጄ፣ ማሽንሽን እኔ እጠብቅልሻለሁ» እያሉ ያስቁናል። ከላይ ግን «ቀሪ» ተብሎ ይጻፋል፤ አዲስ ተራ እስኪደርሰንም ሁለት ሦስት ወር ያልፋል፤ እነሆ ሦስት ጊዜ።

ቀኗ ይቀየርላት ብዬ የክፍሉን ሲስተር ብለምናቸው፣ ያሉት ዘጠኝ ማሽኖች ለሃምሳ አራት ሰው እንደሆኑ ነግረውኝ «የሐሙሱን ሰው የት ላድርገው? ኪሴ ውስጥ?» አሉኝ። እንግዲያው አንድ ቀን ትዝለል ብል፣ «ከዘለለች በአካል የምትቀርበው በቃሬዛ ነው» ብለው ሸኙኝ።

2ኛ፦ ስለ ቃለ ጉባኤው። ሦስተኛው ቃለ ጉባኤ «ተቀባይዋ በተደጋጋሚ ባለመቅረቧ ፍላጎቷ አጠራጣሪ ነው» ይላል። እውነትዎን ነው፤ ፍላጎት አልነበራትም። ስምንት ወር ሙሉ የለመንኳት እኔ ነኝ። «ገና ሥራ እንኳ ያልያዝክ ልጅ፣ ከአካልህ አጉድዬ ምን ልጠቀም?» ስትለኝ፣ «እንዲያውም ከመላ አካሌ ቀድሞ ሥራ የሚያገኘው ኩላሊቴ ነው» ብዬ በሳቅ ነው የረታኋት። እርስዎ ለብቻዬ ጠርተው «ያስገደደህ ሰው አለ?» ሲሉኝም ዝም ያልኩት፣ አስገዳጁ እኔ መሆኔን ለመናገር አፍሬ ነው።

3ኛ፦ ስለ ምክርዎ። «ታካሚዋ በማሽን ደህና ስለሆነች አያስቸኩልም» ብለው ስላጽናኑን እጅ እንነሳለን። ማሽኑን አናማውም፤ ሁለት ዓመት ያኖራት እሱ ነው። ንቅለ ተከላም ተአምር እንዳልሆነ፣ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ እንደሚዋጥ ሐኪሟ ሳይደብቁ ነግረውናል። ነገር ግን ለእጥበቱ በግራ ክንዷ የተሠራላት የደም መስመር ተዘግቶ ወደ ቀኝ ተዛውሯል። ቀኙ መቀስ የምትይዝበት እጅ ነው፤ እሱም መድከም ጀምሯል። የእኔም ምርመራ የሚያገለግለው ለሦስት ወር ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ጊዜ ቀኑ አልፎበት ሁለት ጊዜ ታድሷል፤ ደም ቀጂው አሁን ገና ከበር ሲያየኝ «ደንበኛዬ» ይለኛል። የአሁኑ ሊያልፍበት ሁለት ረቡዕ ቀርቷል፤ ለዚህች ስሌት ዲግሪ አያስፈልግም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ ወይ አንድ ሐሙስ እንዲሰበሰቡልን፣ ወይ በመጪው ረቡዕ ኮሚቴው ደረጃውን እንዲወርድልን ነው። ቆጥሬዋለሁ፣ አሥራ ስምንት ነው። እህቴ በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ወንበር ላይ ናት። ለሰላምታ እጇን ሳትዘረጋ ብትቀር ንቀት አይምሰልዎ፤ እጇ ሥራ ላይ ነው።

እሷን ፍለጋ ሦስት ረቡዕ ጣሪያ ጣሪያውን ላዩት ዓይኖችዎ ዕረፍትን፣ ለብዕርዎ ብርታትን፣ ለጉልበትዎም የቁልቁለት ጉዞ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

አንድ ትርፍ ኩላሊት ያለው፣ የታካሚዋ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ መውረዱ ለክብርዎ ከከበደ፣ እኛው ከነማሽናችን ልንወጣ መክረን ነበር። አብረዋት ከሚታጠቡት አንዱ አናጢ ናቸውና ለኩልን፤ ማሽኑ አሳንሰሩ ውስጥ ይገባል፣ በእርስዎ በር ግን ለአራት ጣት ያህል አያልፍም። አናጢው በሩን በነፃ ሊያሰፉልዎ ፈቃደኛ ናቸው። ለዚህም የኮሚቴ ፈቃድ የሚያስፈልግ፣ በአካል መቅረብም ግድ ከሆነ፣ እባክዎ ረቡዕ አይሁን፤ እሳቸውም ማሽን ላይ ናቸው።